የተደባለቀ ከረጢት

ጋሼ ይልቃል ሐሙስ ጧት ከኋላ ደረጃቸው ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ዓይናቸው አልተከደነም። ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ ገና ፀሐይ አልነካትም፤ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩት ሦስት ትልልቅ የቆሻሻ በርሜሎች፣ የምግብ ትርፍራፊ የሚጣልበት አረንጓዴው፣ የወረቀትና የፕላስቲኩ ሰማያዊውና የሌላው ሁሉ ጥቁሩ፣ ለቀስተኛ መስለው ቆመዋል። ከሟቹ ቀኝ እጅ አጠገብ አንድ ጥቁር ከረጢት ተጋድሟል።

«ሽማግሌ፣ ቁልቁል ደረጃ፣ ከባድ ከረጢት» አለ ፖሊሱ፤ ማስታወሻውን ዘጋ።

 ፀዳለ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ መስተዳድር የሞት መርማሪነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ቶሎ የሚዘጋ ማስታወሻ አትወድም። ጓንቷን አጥልቃ በርከክ አለችና ከረጢቱን ቀስ አድርጋ አነሳችው። ከሥሩ ያለው ደም ጠቁሮ ደርቋል። የከረጢቱን ታች ገልብጣ አየችው፤ ንጹሕ ነው።

አፉን ፈታች። የቡና አተላ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ሁለት የውሃ ፕላስቲክ፣ የተሰበረ ብዕር፣ በእጅ ተጽፈው የተቀዳደዱ ወረቀቶች። ሁሉም ተደባልቋል፤ ሁሉም በአተላው ርሷል።

ቀና ስትል ጥቁሩ በርሜል ላይ በጥንቃቄ የተለጠፈ ወረቀት አየች። ጽሕፈቱ እንደ ብራና ጸሐፊ የቆመ ነው፦ «ሰኞ በዓል ስለነበረ መኪናው በዚህ ሳምንት የሚመጣው ዓርብ ነው። ሐሙስ አታውጡ። ይልቃል።»

«ይህን ከረጢት እንዳለ አሽጉልኝ» አለች።

«ቆሻሻውን?»

«ቆሻሻውን።»

የሟቹ ቢሮ ከደረጃው በላይ አንዲት ክፍል ናት። ከጠረጴዛው ሥር ሦስት ትንንሽ መጣያዎች ተደርድረዋል፤ እንደ ታቹ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ሦስቱም ባዶ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ተከፍቷል፤ ውስጡ ግን አንድም ፋይል የለም። ግድግዳው ላይ የአንዲት ትንሽ የአውሮፓ አገር ካርታ ተሰቅሏል፤ ከካርታው በታች ባለው መደርደሪያ ላይ ውሃ የሞላባቸው ብርጭቆዎች ቆመዋል። ቆጠረቻቸው። አሥራ አንድ ናቸው።

ፀዳለ አንድ ልማድ አላት፤ ሟች በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ለአንድ ደቂቃ ትቀመጣለች። ተቀመጠች። ሎስ አንጀለስ ዝናብ ካየች አምስት ወር አልፏታል፤ ክፍሉ ግን እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። ከኋላዋ ሰዎች ደረጃውን ቀስ እያሉ የሚወጡ መሰላት፤ ዘወር አለች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

*

«ለአንቺም ሸተተሽ?» አለች ምንትዋብ። ከቢሮው ሥር ያለው ሬስቶራንት የእሷ ነው፤ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ አፏ ግን አልደከመም። «እኔ ቧንቧ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ባለሙያ አስመጥቻለሁ። ቧንቧ አይደለም። ከሳቸው ጋር ነው የመጣው።»

«ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ! አንድ ቀን ሰማያዊው በርሜል ውስጥ አጥንት አግኝተው፣ በደንበኛ ፊት አንጠልጥለው ይዘውት አይመጡም? ‹እመቤት ምንትዋብ፣ ይህ የማን ነው?› ይሉኛል። ‹የበሬው ነው› አልኳቸው።» ሳቋ መጣና መሐል ላይ ተሰበረ። «ያን ለት አኩርፈው፣ በማግሥቱ በርሜሉን ራሳቸው አጥበው ጠበቁኝ። ሲኒየር ኤክስፐርት ምናምን አይደሉ፤ የአገር ሕግ የጻፉ ሰው! አሁን ማን ይቆጣኛል?»

«ብርጭቆዎቹስ?»

ምንትዋብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኔ ናቸው፤ ተውሰውኝ ነው። እዚያ ካርታው ላይ ባለችው አገር ግራቦቫ የሚባል መንደር አለ አሉ። የዛሬ ሃያ ዓመት እሳቸውና ጓደኛቸው ጋሼ አምደሚካኤል ባወጡት ዕቅድ የቆሻሻ መድፊያ ተሠራበት። አንድ ክረምት ክምሩ በዝናብ ተናደና አሥራ አንድ ሰው ቀበረ። ‹እየመጡ ውሃ ይጠይቁኛል› ይሉኝ ነበር። እኔ ምን ልበል? ብርጭቆ ሰጠኋቸው።»

«ትናንት ማታስ የት ነበርሽ?»

«ረቡዕ ምሳ ብቻ ነው የምሠራ። ዘግቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መቶ ሰው አይቶኛል፤ የዘማሪዋን ልጅ ጫማ ረግጬ አስለቅሼዋለሁ።»

*

የሟቹ የእህት ልጅ ልዕልት ከዌስት አዳምስ ሰፈር በሥራ ልብሷ መጣች፤ አረጋውያን የምትንከባከብ ናት። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አልወረደችም። ፀዳለ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ረቡዕ በስልክ ጮኼበታለሁ» አለች ልዕልት። «ልቡ ጥሩ አይደለም። ‹ሂሪንጉን ተወው፣ እረፍ› አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው፤ እረፍ።»

«የምን ሂሪንግ?»

«ያቺ አገር የአውሮፓ ኅብረት ልግባ ብላ አዲስ ብሔራዊ የቆሻሻ ዕቅድ እያወጣች ነው። እና አዲሱ መድፊያ ስቱደና የሚባል መንደር ምንጭ ራስ ላይ ነው የተመደበው። በዚያው የግራቦቫውን መድፊያ ባስቀመጠው በድሮው ካርታ! ሦስት ሺህ ሰው ነው ከዚያ ምንጭ የሚጠጣው። ጋሼ ሂሪንጉ ላይ ካርታው ውሸት እንደሆነ ሊመሰክር ነበር። ምክር ቤታቸው የጽሑፍ አስተያየት መቀበል ጨርሷል፤ የሚሰማው የተመዘገቡ ባለሙያዎችን ብቻ ነው፤ በቀጥታ፣ በራሳቸው ቋንቋ። ነገ በኛ ከጧቱ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ይዘጋል።»

«ስንት ባለሙያ ተመዝግቧል?»

«ሁለት። እሱና ጋሼ አምዴ። ከተማሪነታቸው ጀምሮ አብረው ናቸው፤ እዚያው ነው የተማሩት።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አሁን ለነዚያ ሰዎች ማን ይናገርላቸዋል?»

*

አምደሚካኤል የሚኖሩት ዊልሻየር ጎዳና ላይ ካለ ፎቅ አሥራ አራተኛው ወለል ላይ ነው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሸሚዛቸው ነጭ፣ ንግግራቸው የተተኮሰ። ለፀዳለ ሻይ ራሳቸው አፈሉላት።

«ወንድሜ ነበር» አሉ። «ረቡዕ ወደ ማታ ሄጄ ነበር። ስለ ነገሩ አወራን። ‹ነገ መኪናው ይመጣል፣ ይህን ቆሻሻ ላውርድ› እያለ ሲጣደፍ ነው የተለየሁት። ‹ተው፣ እኔ ላውርድልህ› ብለው እምቢ አለኝ። ብታገለው ኖሮ…»

«አልተጣላችሁም?»

«ሃምሳ ዓመት ስንጣላ ኖረናል፤ ይሄ ጠብ አይደለም፣ ትዳር ነው።»

«የዚያን አገር ቆሻሻ የመለያ ሕግ ማን ነው የጻፈው?»

«አንቀጾቹ የኔ ናቸው» አሉ፤ በትንሹም ቢሆን ኩራት ነበረበት። «‹እያንዳንዱ ቤተሰብ ከምንጩ ይለያል።› አንቀጽ ዘጠኝ። ይልቃል የሜዳ ሰው ነው፤ እኔ የጠረጴዛ።»

ሻዩ ሲያልቅ የሻይ ቅጠሉን፣ የወተቱን ካርቶንና ጋዜጣውን በአንድ ላስቲክ ጠቅልለው አብረዋት ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ግድግዳው ላይ ወደ ቆሻሻ መውረጃው ቱቦ የምትከፈተውን ትንሽ የብረት በር ከፈቱ፤ ለቀቁት። ላስቲኩ አሥራ አራት ፎቅ እየተላተመ ሲወርድ ፀዳለ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ቀላል ነው» አለች።

«ሃያ ዓመት የቆሻሻ መኪና በዓይኔ አላየሁም» ብለው ፈገግ አሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በቢሮዋ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ፀዳለ የረጠቡትን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ አድርቃ ገጣጠመቻቸው። አራት ገጽ ሆኑ። በአማርኛ የተጻፈ ረቂቅ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የተሰረዘ ቃል አገኘች፤ ከላዩ በሌላ ቃል ተተክቷል። ደግማ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ለጥቂት ጊዜ መስኮቱን አየች።

*

ዓርብ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱን ሬስቶራንቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ ገና ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ነበሩ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል።

«አጭር ነው» አለች ፀዳለ። «አንደኛ፣ ጋሼ ይልቃል ከረጢት ይዘው አልወደቁም። ደማቸው ደርቆ ነበር፤ በላዩ የተቀመጠው የከረጢቱ ታች ግን አንዲት ነጥብ አልነካውም። እሳቸው ከወደቁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ሰው ያመጣው። ሁለተኛ፣ ከረጢቱ የእሳቸው አይደለም።»

«ቆሻሻው ግን የሳቸው ነው ብለሻል» አለች ምንትዋብ።

«ቆሻሻው የሳቸው ነው፤ መደባለቁ የሳቸው አይደለም። ከጠረጴዛቸው ሥር ሦስት መጣያ አለ፤ ሦስቱም ተገልብጦ አንድ ከረጢት ውስጥ ገብቷል። አንዱ ብቻውን ከረጢት አይሞላማ! የወደቀ ሽማግሌ አጠገብ ደግሞ የሞላ ከረጢት ያስፈልጋል። ምንትዋብ፣ ይህን አንቺ ታደርጊው ነበር?»

«እኔ?» አለች ምንትዋብ። «ያን አጥንት ካዩብኝ በኋላ? ሰው ብገድል እንኳ ለይቼ ነው የምጥል!»

ልዕልት ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። እሷም የአጎቷን ቢሮ ለዓመታት ስታጸዳ ኖራለች።

«ሦስተኛ» አለች ፀዳለ፣ «ሐሙስ መኪና አይመጣም ነበር። ሰኞ በዓል ስለሆነ ወደ ዛሬ ተዛውሯል። ጋሼ ይልቃል ያውቁ ነበር፤ በገዛ እጃቸው ጽፈው ለጥፈውታል። ‹ነገ መኪናው ይመጣል› ብለው ረቡዕ ሊጣደፉ አይችሉም። ይህን የሚለው መኪናው መቼ እንደሚመጣ ማወቅ የማያስፈልገው ሰው ነው፤ ቆሻሻው በብረት በር ገብቶ የሚጠፋለት ሰው።»

ማንም ዘወር ብሎ አላያቸውም። አምደሚካኤል የሸሚዛቸውን እጅጌ አስተካከሉ።

«ይህ ግምት ነው» አሉ።

«ከረጢቱ አፍ ላይ ያለው የጣት አሻራ ግምት አይደለም። የእርስዎንም ዛሬ ጧት ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ወስደን እናስተያየዋለን። ጋሼ፣ የሚፈሩትን ልንገርዎት። ግራቦቫ ላይ የመድፊያው መስመር በካርታው ከሜዳው ወደ ገደሉ አፋፍ ሦስት መቶ ሜትር ተዛውሯል። ቦታውን ያየ ሰው አያዛውረውም፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ዛሬ ስምዎ በምክር ቤቱ ፊት ይነሣል ብለው ሰጉ።»

 ከጀርባ፣ በመተላለፊያዋ በኩል፣ የቆሻሻ መኪናው ጩኸት ሲቀርብ ተሰማ።

«የቆሻሻ መኪናዎቹ መንገድ ያጥር ነበር» አሉ አምደሚካኤል በመጨረሻ። «መስመሩን በእርሳስ፣ እንዲህ፣ አንዲት ጣት። እሱ የሞቱትን ውሃ ያጠጣቸዋል፤ እኔን ግን አያናግሩኝም። ቆመው ብቻ ያዩኛል።» እጃቸውን ተመለከቱ። «ደረጃው ላይ ወረቀቱን ስጠኝ አልኩት። አልለቅም አለ። ገፋሁት።»

«ወረቀቱን አነበቡት?»

«ርዕሱን አየሁ። ‹የግራቦቫ እውነት› ይላል። ከዚያ በላይ ምን አነባለሁ? በዚያች በቤቴ የብረት በር ለቀቅሁት። የኮምፒዩተሩንም ፋይሎች አጠፋሁ።»

«የመጀመሪያው ረቂቅ ግን ተቀዶ ሰማያዊው መጣያ ውስጥ ነበር» አለች ፀዳለ። «እዚያው ቢተውት ኖሮ ልዕልት ስታጸዳ ታወርደውና አሁን መኪናው ይወስደው ነበር። አደባልቀው ለእኔ ሰጡኝ።»

ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። በዚህ ጊዜ ልዕልት ተነሣች። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።

«አሥር ደቂቃ ነው የቀረው» አለች። «የተመዘገበ ሌላ ሰው የለም። ጋሼ አምዴ፣ አንብብላቸው።»

«እኔ? በየትኛው አፌ?»

«በዋሸህበት!» አለች ምንትዋብ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ስትላቸው ነበር።

ፀዳለ ወደ ፖሊሱ ዞራ በእንግሊዝኛ ጥቂት ተናገረች። ሰውየው ሰዓቱን አየና ወደ በሩ ተመለሰ። አራቱን የተጣበቁ ገጾች አምደሚካኤል ፊት ዘረጋችላቸው።

ስክሪኑ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ታየ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ከስቱደና የመጡ ሰዎች በጠባብ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግታለች። ሰብሳቢው የሆነ ነገር ተናገረ። አምደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከአማርኛው ወደዚያ አገር ቋንቋ እየመለሱ ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሌላ ሰው የሚናገርበት መሰለ፤ ልዕልት ክንዷን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ፀዳለ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሱ። «ያንን መስመር ያዛወረው…» ይላል፤ ከዚያ «ባልደረባዬ» የሚለው ቃል ተሰርዟል። ከላዩ፣ በዚያው በቆመ ጽሕፈት፣ «እኔ ነኝ» ተብሏል። ከሥሩ ደግሞ «ኃላፊነቱን ብቻዬን እወስዳለሁ፤ ሌላ ሰው አይጠየቅበት።»

አምደሚካኤል አቆሙ።

ሰብሳቢው ከስክሪኑ ውስጥ ጠየቀ።  አምደሚካኤል ግን ወደ ፀዳለ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ሰባ ሦስት ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ የወደቀባቸው መሰሉ።

«ይህን አንብበሽው ነበር?»

«አዎን።»

«ሳልገፋው… ስሜን አውጥቶት ነበር ማለት ነው?»

ፀዳለ የተሰረዘውን ቃል በጣቷ ነካች። ወረቀቱ መልሶላቸዋል።

አምደሚካኤል ገጹን ቀስ አድርገው ገለበጡት፣ ፊቱን ወደ ታች። ወደ ስክሪኑ ተጠጉና ወረቀት ሳያዩ መናገር ጀመሩ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አሮጊቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ጸሐፊው በፍጥነት ይጽፋል። ፀዳለ ቋንቋውን አታውቅም። ከማታውቃቸው ቃላት መካከል ግን አንድ የሰው ስም ሁለት ጊዜ ለየች። የይልቃል ስም አልነበረም።