የተከረከመው በቆሎ

«ማነው የቆረጠው?» አለ የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ፣ ልጅቷ በስልኳ ያሳየችውን የበቆሎ ፎቶ አተኩሮ እያየ።

«እኔ ነኝ። ጫፍ ጫፉ ሲከረከም የሚጠነክር መስሎኝ።»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ወይ የፀጉር ሠሪ ልጅ! አናቱ ላይ የነበረው እኮ አበባው ነው። የአበባው ዱቄት እዚህ ታች ያለው ክር ላይ ካልወደቀ ፍሬ የለም፤ ቆረቆንዳ ብቻ ነው የሚተርፍሽ።» ከዚያ ፊቷን አይቶ አዘነላት። «ያበበ በቆሎ ያለው ሰው ካወቅሽ ጠዋት ዱቄቱን በወረቀት ከረጢት አራግፈሽ አምጪና ክሩ ላይ ነስንሺው። ክሩ ሳይደርቅ ግን!»

አንድ ሰው ታውቃለች። ጣፋጭ በቆሎውን ከጎረቤት ጓደኛዋ ጋር ከአንድ እሽግ ዘር እኩል ተካፍለው፣ በአንድ ቀን ነበር ከግንቡ ወዲህና ወዲያ የተከሉት። አሁን ግን ከተነጋገሩ ወር ሊሞላቸው ነው። ጓደኛዋ ድሮ ክፍል መድገሟ በትምህርት ቤት ተወርቶባት፣ አንገቷን ደፍታ ከሁሉም ርቃለች።

ያወራው ማን እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች። ራሷ ነች፤ ልጆቹን ለማሳቅ ብላ። ምላሷን በቆረጠው! ከዚያ ወዲህ እናቷ ከፀጉር ቤት እስክትመለስ የምታወራው ከሰባት በቆሎዎች ጋር ነው። ብቸኝነት እንዲህ አንጀት የሚበላ አይመስላትም ነበር። እነሱም ባዶ ሊቀሩባት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከረጢቷን ይዛ አንኳኳች። ጓደኛዋ በሩን ከፍታ ስታያት ፊቷ በራ።

«አንቺ! ምን ውጦሽ ነው?»

«በቆሎዬን... ከረከምኩት።»

«ምን አደረግሽው?» ጓደኛዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጉደኛ! ነይ ግቢ።»

አበባውን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ አዘንብለው አራገፉ። ቢጫ ዱቄት ጣታቸውን ሞላው። ልጅቷ የከረጢቱን አፍ ጠቅልላ ልትወጣ ስትል ጓደኛዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ታውቂያለሽ፣ ከክፍላችን ያልሳቅሽብኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

በሩ ክፍት ነው። ዝም ብላ ብትወጣ ማንም አያውቅባትም፤ በቆሎውም ይይዝላታል፣ ጓደኛዋም ትመለስላታለች። ልጅቷ ግን ከበሩ ተመለሰች። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ያወራሁብሽ እኔ ነኝ» አለች።

ጓደኛዋ ጣቷ ላይ የቀረውን ቢጫ ዱቄት በቀሚሷ ጠረገች። ልጅቷም ከረጢቱን ሳታነሳ፣ እስክትናገር ቆማ ጠበቀቻት።