ያለ ደመና የረጠበ ማሳ

በ፳፻፲ ዓመተ ምሕረት፣ በጾመ ነቢያት፣ የድብ ባሕር ምድር ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ በአያ በላቸው ማሳ ላይ አንዲት ሥፍራ ብቻ ዘወትር ርጥብ ሆና ትገኝ ነበር።

የሚያረጥባት ልጃቸው ፋንታሁን ነው። እርሱ ገና ሕፃን ሳለ፣ በመሬት ድልድሉ ጊዜ፣ ገመድ የያዙ ሰዎች ገብተው የአባቱን ማሳ እኩሌታ ለሌላ ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት መሬት የሚለካ ሰው ሁሉ ጠላት ነው። ስለዚህ የአፈር አጥኚዋ ወለላ ከጎንደር፣ ከቁስቋም ሰፈር፣ በእጅ የምትያዝ፣ በብርሃን አፈር የምትለካ መሣሪያ ይዛ ስትመጣ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቃት።

«ለቤታችን ያልደረሰውን መብራት ለአፈሩ አመጣሽለት?»

«ታህተ ቀይ ጨረር ነው፤ ዓይን አያየውም። ገለባውና ሥሩ በስብሶ በአፈሩ ውስጥ ያስቀረውን ካርቦን ይነግረኛል።»

«ከነገረሽ በኋላስ ማን ይወስደዋል?»

«የሚወስድ የለም። አፈሩ ከረጠበ ግን መሣሪያው ይሳሳታል፤ ደረቅ መሆን አለበት» ብላ፣ የምትለካበትን ሥፍራ በችካል ምልክት አድርጋ፣ የምትመለስበትንም ቀን ነግራ ሄደች።

ለፋንታሁን ይህ በቃው። ልትለካ በምትመጣበት ማለዳ ከምንጭ በጀሪካን ቀድቶ የችካሉን ዙሪያ አራሰው። መጣች፤ ዳሰሰችው፤ ሳትለካ ተመለሰች። በሌላ ጊዜም ስትመጣ እንዲሁ ሆነ።

«ምነው፣ እዚህ ብቻ ይዘንባል?»

«አምላክ የወደደውን ያረካል።»

«አንተን ግን የዘነጋህ ይመስለኛል፤ ፊትህ ከአፈሩ ይልቅ ደርቋል።»

ሊቆጣ አስቦ ሳቀ። እርሷም ሳቀች፤ ዓይን ለዓይን ተያይተው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ውኃውን የሚያፈሰው በጥላቻ አልነበረም፤ ከለካች የማትመለስ መሆኗን ዐውቆ ነው እንጂ።

አያ በላቸው ግን ነገሩን አስተዋሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

«የክንዱ።»

የሽማግሌው ደም ፈላ። ክንዱ ያን ገመድ የጎተተው ሰው ነበር።

«አባትሽ በገመድ፣ አንቺ ደግሞ በጨረር! ሰኞ ለኪና ከዓይኔ ጥፊ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተም ያን ጀሪካን ብትነካ ልጄ አይደለህም።»

ሰኞ ወለላ ከችካሉ አጠገብ ተንበረከከች። አፈሩ በጣቶቿ መካከል እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ቀና ብላ ፋንታሁንን አየችው፤ ዓይኑን ወደ ምድር ጣለ።

«ደርቋል» አለች ቀስ ብላ።



«ለኪ እንጂ!» አሉ አያ በላቸው።

መሣሪያውን አነሣች፤ መልሳም አስቀመጠችው። ከቦርሳዋ የምትጠጣውን ውኃ አውጥታ፣ በአባትና በልጅ ፊት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በሥፍራው ላይ ደፋችው።

«ርጥብ አፈር አይለካም፣ አያ በላቸው። እመለሳለሁ።»

«አይ፣ ያባቷ ልጅ!» ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ። ፋንታሁን በመካከል ገብቶ ቆመ። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ከዚያም ፋንታሁን ወደ ቤቱ ሄዶ ከግድግዳው ሥር ጀሪካኑን አነሣ።

«ወዴት ነው?» ብለው ጮኹ።

«ወደ ምንጭ፣ አባዬ። የእርሷ ውኃ ብቻውን እስክትመለስ አይቆይም።»