አስታጣቢው

የይርዳው ሥራ የወሬኛ ሥራ ነበር፤ ልዩነቱ ደመወዝ ያለው መሆኑ ብቻ። ጠዋት ጠዋት ኮሌራ የያዘው ሰው አልጋ ጥግ ይቀመጥና የት እንደዋለ፣ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደጠጣ ይጠይቃል፤ ከዚያም የሰውየውን ቤት ስልኩ ውስጥ ባለው ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ያሰፍራል። ዱሮ የታመመን ማከም ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በሽታን እንደ ፍየል ሌባ ዱካውን ይዞ እስከ ቤቱ መከተል ነው ብሎ ጤና ቢሮው አሠልጥኖታል። ከተማዋ በሸንኮራ እርሻ ተከብባ የተቀመጠች፣ ዶሮዎቿ ከሙቀቱ የተነሣ ቅቅል እንቁላል ይጥላሉ የሚባልላት ናት።

ቤቱ ውስጥ ከእህቱ ከእቴነሽ ጋር ይኖራል። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ሰነባብቶ ነው ብቅ የሚለው፤ እሷ ደግሞ ልትወልድ ተቃርባለች። ኮሌራ ነፍሰ ጡር ላይ እንዴት እንደሚጨክን ይርዳው በዓይኑ አይቷል። ውሃ አፍዪ፣ ጎመን ጥሬውን አትንኪ፣ ደጅ አትውጪ እያለ ሲያስጨንቃት፣ «አንተማ ብትችል አየሩንም አፍልተህ ነበር የምታስተነፍሰኝ» ትለውና ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ነገሩ መጠምዘዝ የጀመረው ነጥቦቹ እምቢ ሲሉ ነው። በትምህርቱ መሠረት ሰፈሩ የሚቀዳበትን የውሃ ጉድጓድ መክበብ ነበረባቸው፤ የጉድጓዱ ውሃ ግን ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። ነጥቦቹ የከበቡት የለቅሶ ድንኳኖችን ነበር። ለቅሶ የደረሰው ይታመማል፣ ከታመመው አንዱ ይሞታል፣ ለሟቹ ሌላ ድንኳን ይተከላል፣ በዚያ ድንኳን ዙሪያ ደግሞ ነጥቡ እንደ ኩፍኝ ይወጣል። ይርዳው ንፍሮውን ጠረጠረ፤ ንፍሮውን የቀቀሉት ሴትዮ ግን ከድስቱ ሲቀምሱ ውለው እንኳን ሊታመሙ አላስነጠሳቸውም።

ሕሙማኑ የተኙት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በተተከለ ሸራ ውስጥ ነው። ክሎሪኑ ዓይን ያቃጥላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ የታጠበ ሩዝ የሚመስል ቀዝቃዛ ሽታ አለ፣ ለሕመምተኛው መጸዳጃ መካከላቸው ከተቀደዱት አልጋዎች ሥር ያሉት ባልዲዎችም ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ይላሉ። እዚያ እማማ ወለቴን አገኛቸው፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። እጃቸውን ታጥበው እንደበሉ ነገሩት።

«ማን አስታጠበዎት?»

«ሰውየው ነዋ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ልጄ፣ የሚያስታጥብ ሰው ፊቱ ይታያል እንዴ? ጎንበስ ብለህ ይባርክህ ትላለህ እንጂ። እጁን ነው ያየሁት። ውሃ ውስጥ የከረመ ይመስል ተጨማዷል። ውሃው ደግሞ በረደኝ፤ ያን ጊዜ የበረደኝ እስካሁን አልለቀቀኝም።»

ከሰዓት በፊት አረፉ። ይርዳው ሌሎቹን ጠየቀ፤ በአንድ ለቅሶ ያልተገናኙ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ሁሉ ያንኑ እጅ ነገሩት። የሟች ቤተሰቦች የእድሩ ሰው መስሏቸዋል፤ እድርተኞቹ ደግሞ የሟች ዘመድ መስሏቸዋል። ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው ማን ነህ ማለት ነውር ነውና የጠየቀው የለም። ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ሞሲሳ ሲነግራቸው ሳቁበት፤ ሳይጠሩት መጥቶ የሚያገለግል ሰው በዚህ ዘመን ተገኝቶ ልናባርረው ነው ወይ አሉ።

ለእማማ ወለቴ ወደተተከለው ድንኳን ሄደ። ለቅስተኛው በረድፍ ተቀምጦ እጁን ይዘረጋል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ውሃው ሳፋ ላይ ይንሿሿል። ይርዳው ጎንበስ ባሉት ጀርባዎች መካከል እየተጋፋ ሲሄድ፣ ድምፁ አንድ ጊዜም እንዳልተቋረጠ፣ ውሃው የሚወርድባት ትንሽ ጆግም አንዴም ሄዳ እንዳልተሞላች ልብ አለ። የወንዝ ዳር ጭቃ ሸተተው። የጎበጠ ጀርባ፣ ነጭ የተጨማደደ ጣት አየ፤ ከጫፉ ሲደርስ ግን ጆጉ መሬት ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አንስቶ ውስጡን ቢያይ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ብቻ አይደለም፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሸረሪት ድር አድርቶበታል።

ይህን ለአለቆቹ ቢናገር አበደ ብለው ያስሩት ነበርና አልተናገረም። ድንኳን ይከልከል ብቻ አለ፤ ነጥቦቹን አሳየ፤ ተስማሙ። በነጋታው ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ከተማዋን ዞረ። ለቅሶ እንዳይሰበሰቡ፣ ከቤት እንዳይወጡ፣ ንጹሕ ውሃ ይዞ ደጃቸው ለሚመጣው ባለሙያ በር እንዲከፍቱ እየደጋገመ ለፈፈ። ባለሙያዎቹ የሚሰማሩት በሚቀጥለው ቀን ነበር፤ እሱ ግን ሰው ቀድሞ ይልመደው ብሎ ነው።

ከተማዋ ጭር አለች። እስከ ከሰዓት በኋላ አንድም አዲስ ነጥብ አልወጣም፤ ይርዳው ቢሮው ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ እግሩን ያወዛውዝ ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጢው አለ። ባልደረቦቹ የሚመዘግቡት አዲስ ሕመምተኛ ካርታው ላይ ወጣ፤ ወዲያው ከጎኑ ያለው ቤት፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ነጥቦቹ ዛሬ ምንም አልከበቡም፤ አጥር ለአጥር፣ አንድ በር ሳይዘሉ፣ በእሱ ሰፈር መንገድ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ የቀላው የጎረቤቱ ቤት ነበር።

ወደ ቤቱ ደወለ። እቴነሽ አነሳችው፤ ከኋላዋ ውሃ ይንሿሿል።

«በሩን ዝጊ» አላት። «ማንም እንዳይገባ።»

«ክፈቱ ብለህ የለፈፍከው አንተ አይደለህ እንዴ? ድምፅህን አውቄ ነው የከፈትኩት።» ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ጨዋ ሰው ነው፣ ይርዴ። ቃል አይወጣውም። ታጠብኩ፣ ሊወጣ ነው ስል ደግሞ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ላንተም ውሃ አስቀርቶልሃል።»