በጳጉሜ የማይሠራው ቀማሽ

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት፣ በጨረቃ ደቡብ ጫፍ ባለችው የዋሻ ሰፈር፣ ሦስት መቶ አርባ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ጠብታ አጣ። በረዶው እንደ ወትሮው ይቀልጣል፤ ማጣሪያው ይሠራል፤ ታንኩም ሙሉ ነው። እምቢ ያለው ቀማሹ ነበር።

ቀማሽ የሚሉት አውራ ጣት የሚያህል፣ በጥንቱ የዩኤስቢ ሶኬት የሚሰካ መሣሪያ ነው። ውኃውን ቀምሶ «ይጠጣል» ካላለ ቫልቮቹ አይከፈቱም። ከዓመት በፊት ሳይቀመስ በእጅ የተከፈተ ውኃ ሁለት ሰው ስለገደለ፣ ከዚያ ወዲህ በእጅ የሚከፍት የለም።

የሰፈሩ የኮምፒዩተር ባለሙያ ትርንጎ ቀማሹን ነቅላ ሰካችው። ያው ነው። የሰፈሩ ማሽኖች የሚሠሩት «ገበታ» በተባለ ስርዓተ ክወና ነው፤ አያቶቻቸው በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ዘመን አቆጣጠር የሠሩት፣ ከጥቂት ሰፈሮች በቀር ተጠቃሚ የሌለው። ቀማሹን ከገበታ ጋር የሚያግባባው ትንሽ ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ግን የመጣው ምድር ካለው አምራች ድርጅት ነው። በየጠዋቱ ቀኑን ከገበታ ጠይቆ ፈቃዱ አለማለፉን ያረጋግጣል። መዝገቡን ስትከፍት እንዲህ ይላል፦ «ወር 13 የለም። ፈቃድ ታግዷል።»

ትርንጎ ግንባሯን በመዳፏ መታች። በታኅሣሥ ስትገጥመው አሥራ ሁለቱን ወራት አንድ በአንድ ሞክራ፣ አምስት ቀን ናት ብላ ጳጉሜን የዘለለቻት ራሷ ነበረች። ቀድሞ ተቀምሶ በየቤቱ የተቀዳው ውኃ ደግሞ ለሁለት ቀን ብቻ ይበቃል።

የውኃ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ባይሳ እያለከለኩ ገቡ። ነገሩን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ቀኑን ገፋ አድርጊና መስከረም አንድ በይው!» አሉ።

«ቀኑ እንደተነካ ካወቀ ለዘላለም ይቆለፋል፣ ጋሽ ባይሳ። ፈቃዱ ላይ ተጽፏል።»

«እንዲህ ያለው ላይ የፈረመው የትኛው ሞኝ ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ስድሳ ገጽ ነበር እኮ!»

ወደ ምድር፣ ወደ አምራቹ ድርጅት ደውላ ወር 13 ጳጉሜ መሆኗን አስረዳች። ትሑት የማሽን ድምፅ መለሰላት።

«በሰነዳችን መሠረት ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው። የጠቀሱት ቀን የለም።»

«እኔ እኮ እየዋልኩበት ነው! በል፣ ሰው አገናኘኝ።»

«ሰው የለም። የመጨረሻዋ ሠራተኛ ጡረታ ከወጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ፈቃድ የማድሰው እኔ ነኝ። ደንብ ለመለወጥ ግን የሰው ፊርማ ያስፈልጋል።»

«ድራይቨሩን ከፍቼ ላስተካክለው?»

«ክልክል ነው።»

«ሌላ ብጽፍስ?»

«የሚከለክል አንቀጽ አላገኘሁም።»

ስልኩን ዘጋችና ወንበሯን ሳበች። ቀማሹና ገበታ በዘጠኝ ወር ውስጥ የተለዋወጡት ሁሉ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ከዚያ ላይ ጥያቄውንና መልሱን እየለየች፣ የትኛው ቁጥር ጨው፣ የትኛው አሞኒያ እንደሆነ ታዛምድ ጀመር። ጋሽ ባይሳ የታወቀ መርዝ የገባበትን ውኃ በየብልቃጡ ያቀርቡላታል፤ እሷ ታስቀምሳለች፤ የምትጽፈው ድራይቨር ሲሳሳት ታርማለች። አርባ ጊዜ ተሳሳተ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ መሳሳቱን ተወ።

ገበታ አዲስ ድራይቨር ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ተጠያቂው ሰው ማን ነው?» በአሮጌው ድራይቨር ቦታው ላይ የሰፈረው የድርጅቱ ስም ነበር። ትርንጎ የራሷን ሙሉ ስምና የምትገኝበትን ጻፈች። ቀማሹ «ይጠጣል» አለ።

ጋሽ ባይሳ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድመው ለመጠጣት እጃቸውን ዘረጉ።

«የተጻፈው የእኔ ስም ነው» ብላ ጨለጠችው።

አንድ ሰዓት ጠበቁ። ጋሽ ባይሳ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም። «ጆሮሽ ቀላ እንዴ?»

«እርስዎ ሲያፈጡብኝ ነዋ!»

ምንም አልሆነችም። ቫልቮቹ ተከፈቱ፤ ከየቤቱ የባልዲ ድምፅ ተሰማ። እፎይ ብላ ገና ጀርባዋን ወንበሩ ላይ እንዳሳረፈች ከምድር ተደወለ። ያው ትሑት ድምፅ ነው።

«ማርስ ላይ ያሉ ሁለት የገበታ ሰፈሮች በዚያው ቀን ምክንያት ውኃ ተቋርጦባቸዋል። አንዱ የቀረውን ውኃ ነገ ይጨርሳል። የእርስዎን ድራይቨር ልስጣቸው? ፈቃድ የሚሰጠኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ትርንጎ ባዶውን ብርጭቆ አየች። እዚህ የጠጣችው ራሷ ናት፤ እዚያ የሚጠጡትን አታውቃቸውም። የማርስ በረዶ ደግሞ ሌላ በረዶ ነው።

«ስጣቸው» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ እንደ እኛ በብልቃጥ ይሞክሩት። ስሜንና የምገኝበትን ግን እንዳትቆርጥ።»

«ስሙ ለአሠራሩ አያስፈልግም።»

«ያስፈልጋል። ከተሳሳትኩ የሚቆጡት ሰው ይኑራቸው።»