የታጠበው ቁስል

ጡረተኛዋ መምህርት መስኮቱ ሥር በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሞተው ተገኙ። ጉልበታቸው ላይ ባዶ የማስታገሻ ክኒን ዕቃ ነበር። ጎረቤቱ ወዲያው ፈረደ፤ በመንጋጋ ሕመም መከራቸውን ሲያዩ ኖረው፣ ቢመራቸው ራሳቸውን አጠፉ ተባለ። ለሰው መፍረድ መቼም አይከብድም።

መርማሪዋ ግን አትቸኩልም። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት በከንቱ አይደለም። መጀመሪያ ያነጋገረችው ሟቿን ታክም የነበረችውን ሐኪም ነው።

«ለአጥንት መሳሳት መርፌ ይወጉ ነበር» አለች ሐኪሟ። «መርፌው አጥንት ያጠነክራል። ጥርስ ከተነቀለ ግን መንጋጋው አልድን ሊል ይችላል። የእሳቸውም እንዲያ ሆነ። የሞተውን አጥንት ጠርጌ በሳምንት ሁለቴ ሌዘር አበራበት ነበር። አያቃጥልም፣ አያምም፤ ሥጋው እንዲያገግም ያግዛል።»

«ዳኑ?»

«ቁስሉ ሊገጥም ትንሽ ቀርቶት ነበር። አፋቸውም ተፈታ። ሰኞ ስለ ጥርሱ አነቃቀል ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ ቃላቸውን ሊሰጡ ነበር።»

«ማን ነቀለው?»

ሐኪሟ አቀረቀረች። «ወንድ ልጃቸው፤ የጥርስ ሐኪም ነው።»

አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ማስታገሻ ካቆመች ሁለት ሳምንቷ ነው። ትናንት ጠዋት ዳቦ አኝካ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሰው ይሞታል?»

«ቁስሉን ማን ያጥብላቸው ነበር?»

«እኔ፣ በጥጥ። ጠዋት ጠዋት ብቻ። ከሰዓት ሥራ ነበርኩ፤ ሐኪሟም ወንድሜም በየተራ መጥተው ጠይቀዋታል።»

ወንድሟን ወንፊት ያገኘችው በጥርስ ክሊኒኩ ውስጥ ነው። እያወራ ቁስል የሚሸፈንበትን ነጭ ጎዝ ያጥፋል፤ እያንዳንዱን ባለሦስት ማዕዘን አድርጎ ይደረድራል።

«ዶክተር፣ ከመንቀልዎ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት አልጠየቋቸውም? በሽተኛ ሁሉ ፎርም ይሞላል አሉ።»

«የገዛ እናቱን ፎርም የሚያስሞላ ማን አለ?»

እሷ የምታየው ግን እጁን ነበር።

በማግስቱ ሦስቱንም መምህርቷ ቤት ሰበሰበቻቸው። ወንበሩ ባዶውን ቆሟል።

«ሆዳቸው ውስጥ በወተት የተበጠበጠ ክኒን ተገኝቷል» አለች። «አፋቸው ግን ንጹሕ ነው፤ ቅንጣት ዱቄት የለበትም። ቁስሉ ታጥቧል፣ ጎዝም ተደርጎበታል። ሊሞት የቆረጠ ሰው ቁስሉን አያስታምም። ስለዚህ ያጠጣቸው ሌላ ሰው ነው። ልጅቷ በጥጥ ነው የምታጥበው። ሐኪሟ ደግሞ አዲሱን ሥጋ ይልጠዋል ብላ ጎዝ ከልክላለች፤ ካርዳቸው ላይ ጽፋዋለች። የተገኘው ጎዝ ባለሦስት ማዕዘን ሆኖ ታጥፏል። ሰኞ እናትዎ ከተናገሩ የሥራ ፈቃድዎን የሚያጡትም እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።»

እህቱ ወንድሟን አየችው። እሱ ወንበሩን ያያል።

«ወተት ቁስሏ ውስጥ ሲቀር ያማት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እንቅልፍ ሲወስዳት… እንዳያማት ብዬ አጠብኩላት።»

ለገደላት እናቱ ሕመም የሚሳሳ ልጅ። ወንፊት በሥራ ዘመኗ ብዙ ክፋት አይታለች፤ ይህኛው ግን አንገሸገሻት። ከሟቿ ትራስ ሥር ያገኘችውን ወረቀት ሰጠችው። በመምህርት ቆንጆ እጅ ጽሕፈት የተጻፈ፣ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ የታረመ ነው።

«የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ ልጄ በሚገባ ጠይቆኝ ነበር። መርፌውን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ልጁ አንብቦ ጨረሰ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። 

«አልጠየቅኋትም» አለ።

«አዎ» አለች ወንፊት ካቴናውን እያወጣች፤ «ሁለቴም፤ ከመንቀልዎ በፊትም፣ ከመግደልዎ በፊትም።»