የወናፍ ረጋጩ ደወል

ኦርጋን ሠሪው ሐርመን ፎሲንግ የሞተው በገዛ ሥራው ሆድ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከረጃጅሞቹ ቧንቧዎች መካከል፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ፣ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። መቃኛ መሣሪያውን ከእጁ አልለቀቀም። በኤልቤ ወንዝ ዳር ያለችው የእኛ ከተማ ሹማምንት ምሳቸውን እንኳ ሳያስተጓጉሉ ገዳዩን አወቁ፤ ረዳቱ ክላስ ነው አሉ። ክላስ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ዘመድ የለው፣ የሚጮህለት የለው። ለገመድ ከዚህ የተመቸ አንገት ከየት ይገኛል?

ዳኛው ሉደር ቤን ግን ለሹማምንቱ ብልኅነት ደንታ አልነበረውም። መሰላሉን አየ፤ የሟቹን እጅ አየ። ኦርጋን የሚቃኘው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ወደ ቧንቧዎቹ ሲወጣ ሌላው የመጫወቻውን ቁልፍ ተጭኖ ይይዝለታል። እንግዲያው ፎሲንግ ሲሞት መጫወቻው ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር።

ክላስ ቆዳ ሊገዛ ሄዶ የቆዳ ፋቂው በር ተዘግቶ እንዳገኘው ተናገረ። ፓስተር ዲርክሰን ስብከት ሲያዘጋጅ እንደነበር ገለጸ፤ ስብከቱን የሰማ ሁሉ ይህን ለማመን ይቸገራል። የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች ዲትሌፍ ሮቬደር ደግሞ ዊጉን እያስተካከለ፣ ከእሑድ ወዲህ እግሬ እዚያ አልደረሰም አለ። ይህ ሰው ከጣቶቹ ይልቅ በዊጉ የታወቀ ነው።

ከኦርጋኑ ጀርባ ወናፍ እየረገጡ ነፋስ የሚሰጡትን ሽማግሌ ቶኒስን የጠየቀ አልነበረም። ዳኛው ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አባባ፣ የዚያን ዕለት ነፋስ የጠየቀዎት ማን ነው?»

«መሃላችን ግድግዳ አለ፤ ሰው አይታየኝም ጌታዬ። ነፋስ ሲፈለግ የምጠራበት ደወል ጮኸ። ወዲያው ገመዱ ግድግዳው ውስጥ በጠስ አለ። ከዚያማ ከመጫወቻው ሥር ያለውን ሳንቃ በተረከዝ ይመቱልኝ ጀመር።»

«ይህን ለማን ተናገሩ?»

«ማን ጠየቀኝና።»

ዳኛው ገመዱን እንዳይጠግኑ፣ ለሰውም እንዳይተነፍሱ አሳሰባቸው። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ክላስን፣ ቀጥሎ ፓስተሩን ለየብቻ መጫወቻው ላይ አስቀምጦ ነፋስ አስመጡ አላቸው። ሁለቱም የደወሉን እጀታ ስበው ስበው ምላሽ ሲያጡ ግራ ተጋብተው አዩት። እጀታው እንደ ወትሮው ከፊት ተንጠልጥሏልና የገመዱ መበጠስ አይታወቅም ነበር። ከዚያም ፓስተሩን ከአጠገቡ ሳያርቅ ሹማምንቱን ሰበሰበ፤ ክላስም በሰንሰለት ቆመ። ሮቬደርን ለሟቹ አንድ መዝሙር እንዲጫወት ጠየቀው።

ሮቬደር የካባውን ጫፍ ሰብስቦ ተቀመጠና ሳንቃውን በተረከዙ መታ። ነፋሱ መጣ።

«ይበቃል» አለ ዳኛው። «ደወሉን ለምን አልሳቡም?»

«ረሳሁት።»

«ሽማግሌውን ዕድሜ ልክዎን እንደ ውሻ በደወል ሲጠሩ ኖረው ዛሬ ረሱ? ገመዱ የተበጠሰው ፎሲንግ በሞተበት ረፋድ፣ ቁልፍ ሲይዝለት በነበረው ሰው እጅ ነው። ክላስና ፓስተሩ ስላላወቁ ዛሬ ጠዋት እጀታውን ሳቡ። የሚያውቁት ቶኒስ፣ እኔና ያ ሰው ብቻ ነን። እርስዎ ከእሑድ ወዲህ አልመጣሁም ብለዋል፤ ታዲያ ማን ነገረዎት?»

የሮቬደር ፊት ዐመድ መሰለ።

«በእግሬ ሳቀብኝ» አለ። «የኦርጋኑን የእግር ቁልፎች መጫወት አይችልም ብዬ ለሹማምንቱ እነግራለሁ አለኝ። አንድ አናጺ፣ እኔን! መሰላሉን ገፋሁት።»

ሲወስዱት ያዘነለት አልነበረም፤ እኔም አላዘንኩለትም። ሰው ገድሎ እንኳ የሚያንገበግበው ኩራቱ ብቻ ነበር።

ጠዋት ክላስን ለሞት ሊያናዝዝ ተዘጋጅቶ የነበረው ፓስተር ዲርክሰን ድምፁን አለስልሶ ተጠጋው።

«ወንድሜ ክላስ፣ ኦርጋኑ ለእሑድ ይደርስልን ይሆን?»

ክላስ ሰንሰለት የላጠውን የእጅ አንጓውን እያሻሸ ቀና ብሎ አየው።

«የምትሰሙት እናንተ ከሆናችሁ አይደርስም።»