አባቴን አልገሥጽም

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን የምላችሁ እንድታምኑኝ ለመለማመጥ አይደለም፣ ከማን ጋር እንደምታወሩ እንድታውቁ ብዬ ነው። እዚሁ ወላይታ ሶዶ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ ስለ ቡዳና ስለ ሙት መንፈስ ሲጠይቁኝ «በማይክሮስኮፕ የታየ ቀን ጥሩኝ» እያልኩ አስቃቸዋለሁ። ቤታችንም የጸሎት ቤት ነው እንጂ የመንፈስ ወሬ የሚወራበት ቤት ሆኖ አያውቅም፣ እንዲያውም በዚህ ነገር ከሁላችን የባሰው አባቴ ነበር። የግሬደር ኦፕሬተር ስለነበረ ዕድሜውን የጨረሰው በመንገድ ሥራ ካምፕ ነው፣ ወደ ገሱባ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ አንድ ወንዝ አጠገብ ሰው በስሙ የሚጠራ ነገር አለ ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ እሱ ባትሪውን ይዞ ወጥቶ፣ ወንዙን ዞሮ ተመልሶ «እኔን አልጠራኝም፣ ስሜን አያውቀውም መሰለኝ» ብሎ የተኛ ሰው ነው። እንግዲህ የማወራችሁ ስለዚህ ሰው ነው፣ ከዚያ እናንተው ፍረዱ።

ባሳ ይባላል። ጡረታ ወጥቶ ገና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሳይቀመጥ እናቴን ስትሮክ መታት፣ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ አማርኛዋም ከአፏ ጠፋ፣ የቀረላት የልጅነቷ ወላይትኛ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ የምታነቡት የእናቴ ቃል ሁሉ እኔ ወደ አማርኛ የመለስኩት ነው። ሐኪሙ በደግ ቃል «ከእንግዲህ በእግሯ መሄዷን እንጃ፣ አባቴ» ሲለው አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዶክተር፣ አንተ መንገድ ሠርተህ ታውቃለህ?» አለው።

ከዚያ ቤት ገባንና ሥራ ጀመረ። ከጓሮው እንሰት ጥግ ተነስቶ ቤቱን ዞሮ ተመልሶ የሚገጥም መንገድ በአካፋና በመዶሻ ሠራ፣ ገረጋንቲ፣ የመንገድ ጠጠር፣ አስመጥቶ አለበሰው፣ ውሃ እንዳይተኛበት በሁለቱም በኩል ቦይ ቀደደለት፣ እመኑኝ ሰፈራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ መንገድ የለም፣ ባጃጆቹ እንኳ ይቀኑበት ነበር። ሁልጊዜ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የእናቴን ግራ ክንድ ከክርኗ በላይ አጥብቆ ይይዝና «ሎዳን፣ ሎዳን» ይላታል፣ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው፣ እሷ እየተሳደበች፣ እሱ እየሳቀ ይዞራሉ። መጀመሪያ ተሸክሟት ነበር ማለት ይቻላል፣ በኋላ ግን ሄደች። እሱ ሲለቃት ትወድቃለች፣ እሱ ሲይዛት ትሄዳለች፣ በቃ።

ልብሷን የሚያጥበው እሱ፣ ፀጉሯን የሚያበጥረው እሱ፣ ገንፎዋን የሚያገነፋው እሱ ነበር። የዕድር ጓደኞቹ «ባሳ ሴት ሆነ» እያሉ ሲያሽሟጥጡ የታጠበ ልብሷን ሆነ ብሎ በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ያሰጣ ጀመር። «ሁሉም ይየው፣ የማን ሚስት ንጹሕ እንደሆነች» ይል ነበር። የሞተውም ጫማዋን ሲያስርላት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እሱ መሬት ተንበርክኮ ጭንቅላቱ ጭኗ ላይ አርፏል፣ እሷ በደህናው እጇ ሽበቱን ትዳብሳለች። «ዝም በይ፣ ደክሞት ነው» አለችኝ።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። አባቴ እሷ ክፍል ከመግባቱ በፊት እንዳትደነግጥ ጉሮሮውን የመጥረግ ልማድ ነበረው፣ አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ያንን ድምፅ ሰማሁት። ጎረቤት ነው አልኩ፣ በቃ፣ ጎረቤትም ጉሮሮ አለው። ሌላ ቀን እናቴ ክፍል ስገባ ነጠላዋ በግራ ትከሻዋ በኩል ተስተካክሎ፣ ጫፉ ከጀርባዋ ሥር ተሸጉጦ አገኘሁት፣ እዚያ ደህናው እጇ አይደርስም፣ እኔም አላደረግኩትም። አስታማሚዋ ናት እንዳልል አስታማሚ የለንም። ያኔም ቢሆን አላመንኩም፣ አእምሮ ሐዘን ላይ ሲሆን ብዙ ይሠራል፣ እኔ ራሴ የማስተምረው ነገር ነው።

ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ከሐዋሳ መጣ። እናቴን ይዟት ሊሄድ ነበር፣ መኪናውን እንኳ አጥቦ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ነው የመጣው። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስቦልን ነው። ነገር ግን ልጆቹ ወላይትኛ አይሰሙም፣ ሚስቱም አትሰማም፣ እናቴ ደግሞ ሌላ ቋንቋ የላትም፣ እሱ ሥራ ሲውል ውሃ ጠማኝ ብትል የሚሰማት በማይኖርበት ቤት ልትቀመጥ ማለት ነው። እሷም «ከዚህ ቤት የምወጣው ሞቼ ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ሰዓቱ እንደምታስቡት እኩለ ሌሊት አልነበረም፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሁሌ እኩለ ሌሊት ይሆናል፣ የኔ ግን ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው የሆነው። ከዳሞታ ተራራ የወረደ ዝናብ አባርቶ ነበር፣ መብራት ጠፍቷል፣ እኔና ታምራት ሳሎን ቁጭ ብለን እንጨቃጨቃለን።

«አስቴር፣ አንቺ ሥራ አለሽ፣ ቀን ማን ያያታል?»

«እኔ አያታለሁ።»

«አባዬ ሞቷል እኮ! እሱ ያደረገውን ማንም አያደርግም!»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ነው ከጓሮ በኩል ገረጋንቲው ሲንኮሻኮሽ የሰማነው። የአንድ ሰው እርምጃ አይደለም፣ አንዱ የሚጎተት፣ አንዱ የሚከተል፣ ተያይዘው የሚሄዱ እግሮች ድምፅ ነው፣ ዓመታት ሙሉ የሰማሁት ስለሆነ አልሳሳትም። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ተነስተን በጓሮ በር ወጣን።

እናቴ መንገዱ ላይ ናት። ብቻዋን ከአልጋ መነሳት የማትችለው እናቴ ከእንሰቱ ሥር አልፋ ወደ እኛ እየመጣች ነው፣ ዱላ የለም፣ የምትደገፈው ግድግዳ የለም፣ የግራ ክንዷ ግን ወደ ጎን ከፍ ብሏል፣ እጇ ከታች እንደሞተ ተንጠልጥሏል፣ ክርኗ ብቻ ነው የተነሳው፣ ሰው ሲይዛችሁ እንደሚነሳው። ቀረብ ብዬ አየሁ፣ የሹራቧ እጅጌ ከክርኗ በላይ ተጨብጧል። ዙሪያውን ተጨምድዶ፣ ሥጋዋ ላይ ተጣብቆ፣ አራት ጣት ከውጭ፣ አንድ ከውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዶ ይታያል። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፣ አለ።

የእግር ዱካውስ ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ገረጋንቲ ዱካ አይዝም፣ አባቴ ጠቅጥቆ ነው የሠራው፣ የሌለ ነገር ጨምሬ አልዋሻችሁም።

«እማዬ!» ብሎ ታምራት ሮጠ፣ ሊይዛት በግራዋ በኩል ሄደ። ልክ አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። በፈቃዱ አይደለም የቆመው፣ ገበያ መሀል ስትቸኩሉ ከሰው ደረት ጋር እንደምትጋጩት ነው፣ ትከሻው ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እግሩ ተንገዳገደ፣ እና፣ ይህን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ «ይቅርታ» አለ። ባዶ ቦታ ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ልክ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ «ይቅርታ።»

እናቴ በአጠገቡ አለፈች። እኔንም አለፈችኝ፣ ስታልፈኝ የናፍጣና የሳሙና ሽታ አብሮ አለፈ፣ አባቴ ሥራ ካቆመ ጀምሮ ናፍጣ ነክቶ አያውቅም፣ እኔ ግን ልጅ ሆኜ ከካምፕ ሲመለስ አንገቱ ላይ ስጠመጠም የማውቀው ሽታ ነው። ዙሩን ጨርሳ በጓሮ በር ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ተከትያት ስገባ እጅጌው ተለቆ ነበር።

«እማዬ፣ እንዴት ወጣሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው» አለችኝ፣ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት ሁሉ።

ታምራት በማግስቱ ፍራሹን ጠቅልሎ ብቻውን ሄደ። «እዚሁ ትሁን» አለኝ። ይቅርታ ያልከው ማንን ነው ብዬ ብጠይቀው «እኔ ምንም አላልኩም» አለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየም። ከዚያ ወዲህ ይደውላል፣ አይመጣም፣ ሲደውልም እማዬ እንዴት ናት አይልም፣ «አሁንም ትሄዳለች?» ነው የሚለው።

አዎ፣ ትሄዳለች። ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሊጠይቁን መጡ፣ የአባቴን ቀብር ያስፈጸሙት እሳቸው ናቸው፣ የማከብራቸው ሰው ናቸው።

«እህት አስቴር፣ የሟች መልክ ይዞ የሚመጣ መንፈስ አለ፣ በር አትክፈችለት። በኢየሱስ ስም ገሥጪው።»

«ወንጌላዊ፣ ይህ የሚሉት መንፈስ የታመመች ሴት ክንድ ይዞ ያራምዳል?»

«ለማታለል ያደርገዋል።»

«እንግዲያው ሌሎቹም መጥተው ያታልሉን» አልኳቸው፣ ጣሪያ ላይ ቆሜ የጮህኩ ያህል ነበር ድምፄ። «ዕድር አላራመዳትም፣ ሐኪም አላራመዳትም፣ እኛ ልጆቿ አላራመድናትም። ጸልዩልኝ፣ አሜን እላለሁ። አባቴን ግን አልገሥጽም።»

ተቀይመው ሄዱ መሰለኝ፣ እኔም አልጸጸትም። አስተማሪ ጓደኞቼ ደግሞ ነርቭ ሲያገግም እንዲህ ያደርጋል ይሉኛል፣ ጥሩ ነው፣ እኔም ብዬዋለሁ። አንድ ቀን እሷ ስትሄድ እጄን ዘርግቼ ያንን ክንዷን ልይዝ ሞከርኩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ቦታው ተይዟል። ሌላ ቃል የለኝም። ነርቭ የሚለኝ ሰው ይምጣና እጁን ያስገባ።

እስካሁን ያወራኋችሁ እኔን አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ከሰሞኑ የመጣው ነው። እናቴ ዙሩን ትታዋለች። ከመንገዱ ወጥታ በቀጥታ ወደ ውጭው በር ትሄድና ትቆማለች፣ ክንዷ እንደተነሳ፣ «ክፈቺልን» ትለኛለች። ክፈቺልኝ ሳይሆን ክፈቺልን። ወዴት ነው ስላት «እሱ ያውቀዋል» ትላለች። አባቴ በሕይወት እያለ አንድም ቀን ከግቢ አውጥቷት አያውቅም፣ ይደክማታል ብሎ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ እዚያው በሩ ሥር ቆማ አገኘኋት። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና በርጩማ አምጥቼ በሩ ላይ ጀርባዬን ደግፌ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት ሰማ አልሰማ ሳልል፣ ከክንዷ አጠገብ ወዳለው ባዶ ቦታ እያየሁ ተናገርኩ።

«አባዬ፣ አንተ ከሆንክ ስማኝ፣ አንተ ካልሆንክም ስማኝ። ቤቱ ቤትህ ነው፣ መንገዱ መንገድህ ነው፣ ስትፈልግ ዙር። እሷን ግን ከዚህ በር አታወጣትም። ገና አልጠገብኳትም።»

የእናቴ ክንድ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ተነስቼ ሳልይዛት እንዳትወድቅ ብዬ ደነገጥኩ፣ አልወደቀችም፣ ቆማለች። ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነስቶ ወደ ጎኔ፣ ወደ በርጩማው ቀኝ፣ ዝቅ እያለ ሄደ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም አላለም» አለች። «አጠገብሽ ቁጭ ብሏል።»

አልዞርኩም። አልተነሳሁምም።